የኦቦ ነገሳ ድምፅ

የቪዲዮ ካሴት ማለት፣ ለሰልጣኞቹ ረጋ ብዬ እንደማስረዳቸው፣ ጡብ የሚያህል ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ሲሆን፣ ቡናማ ጥብጣብ የተጠቀለለበት፣ በየቤቱ ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ከተቀመጡት ብርጭቆዎች ኋላ የሚኖር፣ ሁሉም ሰው ያለው፣ ማጫወቻው ግን ማንም ዘንድ የሌለ ዕቃ ነው፣ ይጽፉታል፣ አንዷ ቡፌውን ጭምር ጽፋለች፣ ይጻፍ፣ የተሟላ ትርጓሜ ማንንም አልጎዳም።

ሰበታ፣ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ፣ ታኅሣሥ ሁለት ሺህ ስምንት፣ የማኅበረሰብ መዛግብትና ዲጂታል ጥበቃ የሙያ ሥልጠና፣ ባነሩ እንደዚያ ይላል፣ ዲጂታል የምትለዋ ብቻ በቀይ፣ ሰው እንዲያከብራት መሰለኝ። ከተጠራው እኩሌታው መጥቷል፣ የቀረው መንገድ ተዘግቶበት ነው፣ ዓለም ገና ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ተማሪዎቹ ማስተር ፕላኑን አንፈልግም ብለው ወጥተዋል፣ ታክሲ የለም፣ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል፣ እኔ ግን ተረጋግቻለሁ፣ ለምን አልረጋጋ፣ ማጫወቻው ዴክ ይሠራል፣ ጀነሬተሩ ይሠራል፣ እኔም እሠራለሁ፣ የሻገተ አድርቄ፣ የተበጠሰ ቀጥዬ፣ አይጥ የጀመረውን ጥብጣብ ሳይቀር አጫውቼ አውቃለሁ፣ ካሴት አያሸንፈኝም።

ጥሩዬ ነገሳ በአንድ እጇ ፌስታል፣ በሌላው እናቷን ይዛ ትገባለች። ጥሩዬ ሰልጣኝ ናት፣ ከፉሪ፣ የእድራቸው ጸሐፊ፣ ጎበዝ፣ ጠያቂ። ጋሽ ዮፍታሔ፣ ይሄ የሰርጌ ነው፣ አባዬ ሲመርቀኝ አለበት፣ ትላለች፣ አባቷ ኦቦ ነገሳ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ግቢያቸው ለልማት ተወስዶ በቆርቆሮ ከመታጠሩ በፊት ነው የሞቱት፣ ሰው ተገላገሉ ይላል። እናቷ ወይዘሮ የሺሃረግ ዓይናቸው አያይም፣ ፊት ወንበር ላይ እናስቀምጣቸዋለን፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ ጀነሬተሩ ዞረው፣ ድምፅ ያለበት እሱ ነዋ። ልጄ፣ ይሉኛል፣ ፊቱን አልረሳሁም፣ መርሳት የነበረብኝ ፊቱን ነው፣ ዓይን የሌለኝ እኔ፣ ግን እየሄደብኝ ያለው ድምፁ ነው፣ አንዳንድ ቀን ድምፁን በልቤ እጠራዋለሁ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ይመጣል።

ዛሬ ይሰሙታል እማማ፣ እላለሁ። እንዲህ ነኝ እኔ።

ካሴቱ ሻግቷል፣ ጥርት ብሎ የሚሄደው አንዴ ብቻ ነው፣ ስለዚህ እያጫወትን እንቀዳለን፣ እንዲህ ሲሆን አይወራም፣ አይሳቅም፣ ብዬ ገመዱን ከላፕቶፑ አገናኛለሁ። ምስሉ ይመጣል፣ መጀመሪያ ምስል የሌለው ነጭ ነጠብጣብ፣ በረዶ የምንለው፣ ከዚያ ሮዝ ልብ፣ ልቡ ለሁለት ይከፈልና ጥሩዬ ከውስጡ ትወጣለች፣ ቬሎ ለብሳ፣ ቲቶ ቪዲዮ የሚል ጽሑፍ ጭንቅላቷ ላይ እየተሽከረከረ፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፣ ያንቺ ነው ወይስ የታናሽሽ፣ ይላታል አንዱ፣ ዝም በል ወንድሜ፣ ትለዋለች፣ ያኔ አንተ ንፍጥህን አልጠረግክም። ግቢው ይታያል። ትልቁ ጽድ፣ የገብሱ ክምር፣ ውሻው የታሰረበት እንጨት። የፉሪዎቹ ሳቃቸውን ያቆማሉ።

ኦቦ ነገሳ ይነሳሉ። ረጅም፣ ቡናማ ካፖርት፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ የሚሰማው ግን የሰርግ ዘፈን ነው። ድምፁን እጨምራለሁ፣ ዘፈኑ ይጨምራል። የግራውን ድምፅ ለብቻ፣ የቀኙን ለብቻ እከፍታለሁ፣ በግራም ኪቦርድ፣ በቀኝም ኪቦርድ፣ ከሥሩ ሰው የለም፣ ትንፋሽ እንኳ የለም። አውቀው ነበር እኮ፣ የዚያን ጊዜ ቪዲዮ ሠሪ ሁሉ ሰው የሚናገርበትን አጥፍቶ ዘፈን ይጭንበታል፣ ዘፈን የሌለው ሰርግ ለቅሶ ይመስላል ተብሎ፣ ስለዚሁ ጉዳይ የማሠልጠኛ ጽሑፍ አለኝ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ ሳላጫውት ዛሬ ይሰሙታል ያልኩትም እኔው ነኝ።

ተጀመረ እንዴ፣ ይላሉ ወይዘሮ የሺሃረግ። ጀምሯል እማዬ። ምን እያደረገ ነው? ቆሟል፣ እጁን ዘርግቶ፣ እየመረቀኝ ነው። ታዲያ ምነው ሙዚቀኛ አቆሙበት፣ ይላሉ። ማንም አይስቅም።

ቆይ። ቆይ እስቲ። የተቆረጠ ነገር የተቆረጠበት ነገር አለው፣ ጨርቅ ቢሆን ጣቃ፣ ቪዲዮ ቢሆን ካሜራው ውስጥ የነበረው ካሴት፣ እሱ ላይ ዘፈን የለም፣ እሱ ላይ ሰው አለ። ቲቶ ማነው፣ የት ነው? ጥሩዬ ታውቀዋለች፣ ቡራዩ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቷል፣ ስልኩ ብዙ ጊዜ እምቢ ብሎ ይነሳል፣ ስለ ሰርግ ከሆነ ትቻለሁ ጋሼ፣ ይላል ቲቶ፣ የአሁን ሙሽራ የሚበር ካሜራ፣ ድሮን ነው የሚፈልገው፣ አይ፣ ስለ ድሮ ሰርግ ነው፣ ያልተቆረጠውን እፈልጋለሁ። ይስቃል። ካሴት ውድ ነበር ጋሼ፣ ማን ያስቀምጣል፣ ላዩ ላይ ሌላ ሰርግ ቀርፀንበታል። የማን? የኦቦ ጎበና ልጅ፣ እዚሁ ቡራዩ፣ እሱም ቶሎ ያለቀ ሰርግ ነው፣ ዝናብ በተነው። እነሳለሁ፣ ለምን እንደተነሳሁ ለሰልጣኞቹ አልነግርም፣ ዝናብ በተነው ነው ያልከኝ? አዎ፣ ድንኳኑ ወደቀ፣ ካሴቱም ከዚያ ወዲህ አልተነካም፣ እኔው ጋ አለ። እንግዲህ ካሴቱ እስከ መጨረሻው አልተሞላማ፣ የኋለኛው ሰርግ ያልደረሰበት ጭራ ላይ የፊተኛው ይኖራላ፣ ይዘኸው ና። በየት በኩል ጋሼ፣ በሰማይ?

እንጠብቃለን። ስለ ፋይል ስያሜ አስተምራለሁ፣ ስለ መግለጫ አስተምራለሁ፣ ጆሮዬ መንገድ ላይ ነው። የወይዘሮ የሺሃረግ ወንድ ልጅ በመኪና ወደ ሆለታ ሊወስዳቸው ነው፣ እዚህ ሁከት ይበዛል ብሎ፣ መንገድ እንደተከፈተ፣ ቲቶም የሚመጣው መንገድ እንደተከፈተ ነው፣ ማን ይቀድማል፣ እኔ በቲቶ ተወራርጃለሁ፣ ከማንም ጋር አይደለም፣ ከራሴ ጋር። ይመሻል፣ እዚያው አዳራሽ እናድራለን፣ በማግስቱ ማለዳ ድንጋዩ ተነሳ ይባላል፣ ልጃቸው ምሳ ዕቃ ይዞላቸው ይደርሳል፣ በሩ ላይ ቆሞ የመኪና ቁልፉን ያንቃጭላል፣ እማዬ ሳይዘጋ እንሂድ፣ አልሄድም፣ ይሉታል፣ አባትህን እየጠበቅኩ ነው። ልጁ እህቱን ያያታል፣ እህቱ እኔን፣ እኔ ግድግዳውን።

ቲቶ በሞተር ሳይክል ይመጣል፣ የሰው ኋላ ተቀምጦ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ራሰ በራ፣ ካሴቱ ሸሚዙ ውስጥ። እናስገባለን። የጎበና ልጅ ሰርግ፣ ድንኳን፣ ሚዜዎች፣ ዝናብ፣ ሰው ወንበር ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ሲሮጥ፣ ጥቁር። በረዶ። በረዶ። አታጥፉት፣ እላለሁ፣ ማንም ሊያጠፋው አልተነሳም። ከዚያ ሣር፣ የተጋደመ፣ ካሜራው መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሳይጠፋ ተረስቶ፣ የሚታየው እግር ብቻ ነው፣ የቆዳ ጫማ፣ የካፖርት ጫፍ፣ ቡናማ።

አንተ ልጅ፣ ሳትበላ ወዴት ነው?

ሌላ ሰርግ አለብኝ አባባ፣ ይላል ቀጭን ድምፅ፣ የቲቶ፣ ፀጉር በነበረው ጊዜ።

ሰርግ አይበላም፣ ታኢ፣ ቁጭ በል። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሳጥን እኛን ስትበላ ዋልክ፣ አሁን አንተ ብላ። የሺ፣ የሺ፣ ለዚህ ልጅ ጥብሱን አምጪለት።

አቤት፣ ይላሉ ወይዘሮ የሺሃረግ።

ያልቃል። ጭራው ይኸው ነበር፣ ምርቃቱ የጎበና ልጅ ድንኳን ሥር ነው የቀረው፣ ከዚያ የሚያወጣው መሣሪያ የለም፣ እኔ የለም ካልኩ የለም። እንዳልሳሳት እንደገና አየዋለሁ፣ ተቀድቷል፣ ጥርት ብሎ። ጥሩዬ የእናቷን እጅ ይዛለች፣ ወንድሟ ቁልፉን ማንቃጨል ትቷል። መልሰው፣ ይላሉ እናቷ፣ እመልሰዋለሁ። አሁንም፣ እመልሰዋለሁ። ኦቦ ነገሳ የሺ ባሉ ቁጥር እሳቸው አቤት ይላሉ፣ ቀስ ብለው፣ ሌላ ክፍል እንዳለ ሰው።

ከዚያ ፊታቸውን ይመልሳሉ። የታል ልጁ? እዚህ ነኝ እማማ፣ ይላል ቲቶ፣ ሃምሳ ሊሞላው ነው። ያኔ በላህ? አልበላሁም እማማ፣ በጓሮ በር ወጣሁ። ታዲያ ምን ትቆማለህ፣ ቁጭ በል፣ ጥሩዬ፣ ምሳ ዕቃውን ክፈቺው።

ምርቃቱ አልተገኘም። ቲቶ በላ።