ሰማንያኛዋ ተማሪ

በዚያ ጋራ ሰው ከጎረቤቱ በሬ ይዋሳል፣ ለሠርግ በቅሎ ይዋሳል፣ ለለቅሶ ድንኳን ይዋሳል። ተማሪ መዋስ ግን የመጣው ቆጣሪ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ነው። ከአሰላ መረጃ አጣሪ ይመጣል ሲባል፣ ቁጥር የጎደለበት ትምህርት ቤት ቁጥር ከተረፈው ጎረቤቱ አምስት ስድስት ልጅ ለአንድ ቀን ይወስዳል፤ በማግስቱ ይመልሳል። ነውር ነው የሚል አልነበረም። በሬ የተዋሰ ሰው በሬ የለኝም ማለቱ ነው እንጂ ሌባ ነኝ ማለቱ አይደለም።

ዋቅጅራ ግን በሃያ ሁለት ዓመት የርዕሰ መምህርነት ዘመኑ አንድም ልጅ ተውሶ አያውቅም ነበር። የሚመራት ትምህርት ቤት ከጢቾ በላይ፣ ብርዱ በጋ ክረምት በማይልበት ከፍታ ላይ ናት። እሑድ እሑድ ደግሞ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው። የተዋሰውን እስክሪብቶ እንኳ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚያስረክብ ሰው ነበር። የወረዳው ርዕሰ መምህራን «ዋቅጅራ ገነት ሲገባ ደረሰኝ ይጠይቃል» እያሉ ያሾፉበታል።

በዚያ ዓመት አዲስ መመሪያ ወጣ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አንድ ላይ ሰማንያ ተማሪ ካልሞላ ሁለቱም ይዘጋሉ፤ ድጎማውም ልጆቹም ገደል ማዶ ወዳለው ትልቅ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ማዶ ቅርብ ነው። በእግር ግን ቁልቁል አንድ ሰዓት፣ ከታች ወንዝ፣ ከዚያ ሽቅብ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ዋቅጅራ እነዚያ ክፍሎች ሳይከፈቱ በፊት የነበረውን ጊዜ አይረሳውም። ወንዶቹ እንደምንም ይመላለሱ ነበር፤ ሴቶቹ አንድ ወር ሞክረው ይቀራሉ። ክፍሎቹን ለማስከፈት ስድስት ዓመት ደጅ ጠንቷል።

መስከረም ላይ ልክ ሰማንያ ነበሩ። የካቲት እስኪገባ ግን አምስት ልጆች ጎደሉ። አንዱ ሩጫ ልሞክር ብሎ በቆጂ አጎቱ ዘንድ ሄደ፤ ሁለቱ ሥራ ፍለጋ አሰላ ወረዱ፤ አንዷ ተዳረች። አምስተኛዋ ፈናን ነበረች፣ የአጸደ የመጀመሪያ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ኅዳር ላይ የሳንባ ምች ያዛትና ወደ አሰላ ሲያጣድፏት መንገድ ላይ ሞተች። እስከ መኪናው መንገድ ቃሬዛዋን ከተሸከሙት አንዱ ዋቅጅራ ነበር፤ በቀብሯም ላይ የጸለየው እሱ ነው። ስሟን ከመዝገቡ ሊሰርዝ ሲቀመጥ መጀመሪያ እጁ እምቢ አለው። ኋላ ደግሞ ቁጥሩ እምቢ አለው።

የአጣሪው መምጫ ቀን ሲነገር፣ ዋቅጅራ ገደሉን ተሻግሮ የማዶውን ርዕሰ መምህር አምስት ልጅ ለመነ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ሰውየው ሳቀ። «አንተም ገባህበት! ሰኞ እኛን ቆጥሮ ይጨርሳል፣ ማክሰኞ ልጆቹን በሌሊት እሰድልሃለሁ። አትፍራ፤ ይሄ የሚመጣው እንደሻው የሚሉት ልጅ ወረቀት እንጂ ፊት አያይም።»

ዋቅጅራ ቤቱ ተመልሶ፣ የሚመጡት ልጆች እንዲያጠኑት፣ አምስት ብጣሽ ወረቀት ቆረጠና በእያንዳንዱ ላይ የአንዱን የቀረ ልጅ ስም ከነአባቱ ጻፈ። አራቱን ቶሎ ጨረሰ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠና ወደ ደጅ ወጥቶ ቆየ። ያለ እሷ ሰባ ዘጠኝ ናቸው፤ ሰባ ዘጠኝ ደግሞ ከዜሮ አይሻልም። እናቷ አትሰማም፣ ማንም አይጎዳም ብሎ ራሱን አሳመነ። ተመልሶ ገባና «ፈናን ሚልኬሳ» ብሎ ጻፈ።

ማክሰኞ ጠዋት እንደሻው በሞተር ሳይክል ደረሰ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ታብሌቱን ከጭቃ ለመከላከል በላስቲክ ጠቅልሎ የሚዞር ሰው። ሰላምታ ተለዋውጠው ሲያበቁ፣ «ቆጠራውን አብሮኝ አይቶ የሚፈርም የወላጅ ኮሚቴ ሰው ያስፈልገኛል፣ ጋሽ ዋቅጅራ» አለ።

«ሊቀ መንበሩ ጢቾ ገበያ ወርዷል።» ይህን ዋቅጅራ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ያለ ምስክር ቆጥሮ ይሄዳል ብሎ ተስፋ አድርጎም ነበር።

አጠገባቸው የቆመች አንዲት መምህርት ሳታስበው፣ «ጸሐፊዋ አጸደ አለች እኮ፤ ቤቷ ከአጥሩ ሥር ነው» አለች።

«እሷ ሐዘን ላይ ናት» አለ ዋቅጅራ ቶሎ ብሎ።

«ያጽናት። ማን ሞቶባት ነው?»

እውነቱን ቢናገር ሁሉም ነገር እዚያው ያልቃል። «ዘመድ» አለ።

«ለፊርማ ብቻ ነው። ብዙ አላቆማትም።»

አጸደ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች መጣች። ከኅዳር ወዲህ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ዋቅጅራ ፈንጠር አድርጎ ሊያነጋግራት ፈለገ፤ እንደሻው ግን መሀላቸው ቆሞ ነበር። ተማሪዎቹ በሰንደቅ ዓላማው ሥር በየክፍላቸው ተሰልፈዋል። በስድስተኛ ክፍል ሰልፍ መጀመሪያ ላይ የአጸደ ሁለተኛ ልጅ ለሊሴ ቆማለች። እናቷን ስታይ ፈገግ አለች።

እንደሻው የሚጠራቸው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ስሞች በፊደል ተራ ነበሩ። ፈ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ነው። ዋቅጅራ ሰባ ዘጠኝ ስም እየተጠራ፣ ሰባ ዘጠኝ ጊዜ «አቤት» እየተባለ በአጸደ ጎን ቆመ። ብርድ ነበር፤ እሱ ግን አልቦታል። በመሀል አንድ ጊዜ ቆጠራውን አስቁሞ ሁሉንም ልናገር ብሎ አፉን ከፈተ። ከሰልፉ ውስጥ ያሉትን ሴቶች ልጆች አየና አፉን ዘጋ።

«ፈናን ሚልኬሳ!»

«አቤት!»

ከኋላ ሰልፍ ጥርት ያለ የልጅ ድምፅ ነው የመለሰው። ሳምራ ትባላለች፣ ከማዶ የመጣች፤ ወረቀቱን በደንብ አጥንታ ስለነበር ስትመልስ አላመነታችም።  የስምንተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ መሬት መሬት አዩ። አጸደ ድምፁ ወደመጣበት ዞረች፤ መዞሯንም ዋቅጅራ አየ። ፊቷ ላይ ለአንድ አፍታ የታየውን ነገር ዋቅጅራ እስኪሞት አይረሳውም። ተስፋ ነበር።

እንደሻው ቀና አለ። ልጅቷን ትክ ብሎ ካያት በኋላ ጠጋ አላት። «ፈናን አንቺ ነሽ?»

«ኤዬ፣ ነኝ።»

«የአባትሽ ስም?»

«ሚልኬሳ።»

«የእናትሽስ?»

ብጣሿ ወረቀት ላይ የእናት ስም አልነበረም። ሳምራ ኪሷ ውስጥ ያለችውን ብጣሽ ዳበሰች። ዋቅጅራ፣ አበቃ፣ አለ በልቡ።

«አጸደ ነው» አለች አጸደ። ሄዳ ከልጅቷ አጠገብ ቆመችና የሹራቧን አንገት አስተካከለችላት። «እናቷ እኔ ነኝ። ሰው ፊት መናገር ትፈራለች።»

 ለሊሴ ከሰልፏ ውስጥ እናቷን እያየች ነበር። እንደሻው አንዴ ጥቁሩን ሻሽ፣ አንዴ ልጅቷን ተመለከተና፣ «ሰማንያ» አለ። አጸደ ፈረመች። ስትወጣ በዋቅጅራ በኩል አለፈች፤ ፊቱን ሳታይ፣ ቀስ ብላ፣ «ለሊሴ መስከረም ሰባተኛ ትገባለች» አለችውና ወደ ቤቷ ሄደች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ዋቅጅራ እንግዳውን እስከ ሞተሩ ሸኘው። እንደሻው ታብሌቱን በላስቲኩ ሲጠቀልል ቆየ።

«ትናንት ማዶ ስቆጥር ወንበር ያመጣችልኝ እሷ ናት» አለ በመጨረሻ። «እግሩ የተሰበረ ወንበር ነበር፤ ልወድቅ ስል ሳቀችብኝ። ሳምራ ነው ስሟ።» የላስቲኩን ጫፍ አጠፈ። «እዚያ ማዶ አምስት፣ እዚህም እነዚያው አምስት። በእናቲቱ ፊት መናገር ግን አልቻልኩም። ሪፖርቱን እስከ ዓርብ አልልከውም፣ ጋሽ ዋቅጅራ። ማስተካከል ካለብዎት እርስዎ ይምጡ። ካልመጡም… ያየሁትን አላየሁም።»

እንዲህ ብሎ ሄደ። አንዳንዱ ምሕረት ከቅጣት ይከብዳል። ይህም እንደዚያ ነበር፤ ፈርዶበት ቢሄድ ዋቅጅራ በወደደ።

ረቡዕ በጸሎት ቤት ጸሎት የመምራት ተራው ነበር፤ አሞኛል ብሎ ቀረ። በእርግጥም አሞት ነበር። ያቺ ሴት በሞተች ልጇ ላይ እንድትዋሽ ያደረጋት እሱ ነው። ይህን ሲያስብ እህል አልወርድ አለው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ አጸደ ቤት ሄደ፤ አጥሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ገብቶ ቢጠይቃት ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። አልጠየቃትም። ነጻ ላወጣት ነው የምሄደው አለ ለራሱ፤ ይህን ውሸት ተሸክማ መኖር የለባትም አለ። ሰው ሕሊናውን ሲያጥብ እጣቢው በማን ደጅ እንደሚፈስ አያይም።

ዓርብ አሰላ ወርዶ ደብዳቤውን አስገባ። ሰባ አምስት ይላል፤ የአምስቱም ስም በዝርዝር አለ፤ በአምስተኛው አንጻር «በሞት የተለየች» ተብሎ ተጽፏል። እንደሻው አንብቦ ሲጨርስ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«ብዙ ሰው አይመጣም» አለው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ዋቅጅራ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ በላ። ወደ ጢቾ በሚመለሰው መኪና ውስጥም እንቅልፍ ወሰደው።

የመዝጊያው ደብዳቤ ግንቦት ላይ መጣ። እሱ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶት በቦታው ቀጠለ። ሰኔ ላይ ስምንተኛዎቹ ተፈትነው ወጡ፤ ሰባተኛዎቹን ወረዳው በጅምላ ወደ ማዶ አዛወረ፤ መስከረም ሲጠባ የሁለቱ ክፍሎች በር ተቆለፈ። ዋቅጅራ ስድስተኛን ለጨረሱት ልጆች በሙሉ ማዶ እንዲመዘገቡ የመልቀቂያ ወረቀት በእጁ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የወንዶቹን አባቶቻቸው መጥተው ወሰዱ። ጥቅምት ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ወረቀት ቀርቶ ነበር፤ ዘጠኙ የሴቶች ነው። ከላይ ያለው የለሊሴ ነበር።

አንድ ቀን አጸደን በአጥሩ ዳር ስታልፍ አያትና ጠራት። ገብታ ከቢሮው በር ላይ ቆመች።

«የለሊሴን መልቀቂያ ከጻፍኩ ወር ሆነኝ፣ አጸደ። ማዶ ምዝገባው ሊዘጋ ነው።»

«ለሊሴ አሰላ ናት፣ ጋሼ። ሰው ቤት ገብታለች። ሕፃን ትይዛለች።»

«ማታ ያስተምሯታል?»

«ብለዋል። እንጃ።»

«ለምን ሳትነግሪኝ?» ብሎ ጀመረና ተወው። ለስምንት ወር ሲያመላልሰው የኖረውን ነገር አወጣው። «ያን ቀን ስለተናገርሽው… እኔ አሰላ የሄድኩት ላንቺ ብዬ ነው። በልጅሽ ስም ውሸት ተሸክመሽ እንዳትኖሪ ብዬ ነው።»

 አጸደ ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይቀለው ነበር።

«ፈናንን በቃሬዛ ተሸክመውልኛል፣ ጋሼ። ያን አልረሳም። ያን ውሸት ግን ተሸከሙልኝ አላልኩዎትም። ያቺ ልጅ አቤት ስትል የሆንኩትን እኔና ጌታ ነን የምናውቀው። አንዴ ከሆንኩ ወዲያ ግን ይሁን አልኩ። ልጄ ለእህቷ የምትሰጣት ከስሟ በቀር ምንም አልቀራትም ነበር። እሱን ሰጠሁላት። እርስዎ ሄደው ነጠቋት።»

ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወጣች። ዋቅጅራ ተከትሏት ሊወጣ ተነሳና በሩ ድረስ ሄደ። ተመልሶ ተቀመጠ።

የዓመቱ ቅጽ ፊቱ ተዘርግቶ ነበር። «ስድስተኛ ክፍል አጠናቀው ያልቀጠሉ» ከሚለው አንጻር አሥራ አንድ ብሎ ሞላ። ከሥሩ ስማቸውን ዘረዘረ፤ ለሊሴ ሚልኬሳን የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፋት። ለምክንያት የተሰጡት ምርጫዎች ጋብቻ፣ ሕመም፣ ርቀትና ሌላ ነበሩ። «ሌላ» የሚለው ላይ ብዕሩን ብዙ ጊዜ ካቆመ በኋላ «ርቀት» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ኅዳር ላይ እንደሻው መጥቶ ቆጠረ፤ ወረቀቱንም ፊቶቹንም እያየ። በዚያ ዓመት ከወረዳው ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድም ስህተት ያልተገኘበት የዋቅጅራ ሪፖርት ብቻ ነበር።