በነጠላ የተቋጠረ ሥጋ

ቤተልሔም የመጣችብኝ ዕለት ማሽላዬን ከወፍ እየጠበቅኩ ነበር። ወንጭፌን ከእጄ አላወረድኩም። ማን እንደሆነች ሳትነግረኝ አወቅኳት፤ ያ ሰፊ ግንባር የአለሙ ነው። የልጅ ልጁ ናት።

«እማማ የሺ፣ እንደምን ዋሉ? ሁለተኛ ዲግሪዬን በሽምግልና እየሠራሁ ነው» አለችኝ። «ሰው ፍርድ ቤት ሳይሄድ እንዴት እንደሚታረቅ ነው የምናጠናው።»

«እሱም በዲግሪ ሆነ? አያትሽ ይህን ሁሉ ዓመት በምን ዲግሪ ነው የሸመገለው?»

ሳቀች። ጥሩ ሳቅ አላት፣ አልክድም። ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለውን እርቅ ሁሉ እየዞረች መዝግባለች። ከሁሉ የበለጠውን መጀመሪያ ላይ አስገብታዋለች፤ እሱም የእኔና የአያቷ የውሃ ጠብ ነው። አነበበችልኝ። «ባለጉዳዮቹ ጥፋታቸውን ተካፍለው፣ የእርቁን በግ አብረው በልተው፣ ሁለቱም ወገን አሸናፊ ሆነው ተለያዩ» ይላል።

እኔ አሸናፊ! ወንጭፉን አዙሬ ድንጋዩን ለቀቅኩት። ወፍ እንኳ አልነበረም።

«ከእርስዎ የሚቀረኝ ቃልዎና የጣት አሻራዎ ብቻ ነው» አለች፣ ወረቀቷን እያወጣች።

«እሱን ስታገኚ ምን ይደረጋል?»

«ጥቅምት አሥራ ሁለት ቆቦ ላይ ስብሰባ አለን። አማካሪዬ መምህር ሰለሞን ይመጣሉ። ለአባባም የምስጋና ወረቀት ይሰጣቸዋል።»

«እንግዲያው ጣቴን እዚያው ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች።

እኛ ቆለኞች የራሳችንን ዝናብ ብቻ አንጠብቅም። ወደ ምዕራብ ካለው ተራራ ላይ ሲዘንብ የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ይወርዳል፤ ያንን ጎርፍ በቦይ ጠልፈን ማሳችንን እናጠጣለን። ተራ አለው። ተራውን የሚያስከብረው የውሃ አባት ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ አባቱ አለሙ ነበር።

ባሌ በሞተ በሁለተኛው ክረምት ተራዬ ደረሰ። በዚያው ቀን የእህቴ መርዶ ከዋጃ መጣና ከልጄ ከይሁኔ ጋር ለቀብር ሄድኩ። ስንመለስ የቦዬ አፍ በእሾህና በአፈር ተደፍኗል። የአለሙ ማሳ ባሕር መስሏል። ከዚያ ወዲያ ጎርፍ አልወረደም። ማሽላዬ ሳይዘረዝር ቆሞ ደረቀ። ይሁኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። «እማዬ፣ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ በአፋር በኩል ወደ ዓረብ አገር ወጣ። ድምፁንም አልሰማሁ፣ መርዶውም አልመጣልኝ።

ልጄ በወጣ በወሩ ሽማግሌ ተቀመጠ። አለሙ «ጎርፉ ራሱ አፈሩን ገፍቶ ነው የደፈነው» አለ። ጎርፍ እሾህ ይቆርጣል? ሽማግሌዎቹ ግን «እሷም ተራዋን ጥላ ሄደች፣ እሱም አልጠበቀላትም፤ ጥፋቱ የሁለታችሁ ነው» ብለው በግ አረዱ። እኔን ያናገረኝ የለም፤ ለእኔ የተናገረልኝ የባሌ ወንድም ነው። እሱም ሥጋ ይወድ ነበር።

እንግዲህ ከአለሙ የምፈልገው አንዲት ቃል ነበረች። «ደፈንኩት» ይበል። ሃያ ሁለት ዓመት ጠበቅኳት።

ቆቦ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው አዳራሽ በሰው ሞልቷል። አለሙን ፊት ለፊት አስቀምጠውታል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል ይዟል። የምስጋናው ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ቤተልሔም አነበበች፣ ተጨበጨበ። መምህር ሰለሞን ቀጭን ሰው ነው፣ ትሑት ነገር። «አሁን ደግሞ ከባለጉዳይዋ ከእማማ የሺ ስለ እርቁ እንሰማለን» አለ።

ተነሣሁ። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእኛ ደንብ የእርቁን ማዕድ ያልቀመሰ ታርቋል ወይስ አልታረቀም?»

«ቤተልሔም እንደጻፈችው ከሆነ... አልታረቀም።»

«ደግ። እኔ አልቀመስኩም።»

አለሙ አንገቱን ቀና አደረገ። «የሺ፣ ምን ትያለሽ? በግ አርደን ከሴቶቹ ጋር በልተሻል!»

«ወሩ ጥቅምት ነበር። ጽጌን እንደምጾም አገር ያውቃል፤ የጠየቀኝ ግን የለም። የደረሰኝን ሥጋ በነጠላዬ ቋጥሬ ወጣሁና ለውሻህ ጣልኩለት። ከዚያ ቤት ከእኔ ጋር የታረቀው ውሻህ ብቻ ነው።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ቤተልሔም አልሳቀችም።

«ሐሰት ነው!» አለ አለሙ በዱላው መሬት እየመታ። «ማን ያየ አለ?»

«እኔ አይቻለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

ሼህ ሙህዲን ነው። ያኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር፤ ዛሬ ከእነዚያ በሕይወት የቀረ እሱ ብቻ ነው። «እኔ እስላም ነኝ፣ የእናንተን በግ አልበላም። ሁሉም ሲበላ ለብቻዬ ዳቦዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ስትቋጥረው አየኋት። እርቁ እንዳይፈርስ ብዬ ዝም አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት?» አልኩት።

«ሃያ ሁለት ዓመት፣ የሺ።»

ከእሱም ጋር ገና ጉዳይ አለኝ፤ ለዛሬ ግን ተውኩት። ወደ አለሙ ዞርኩ። «እንግዲህ አልታረቅንም። ጉዳያችን ዛሬም እንደተከፈተ ነው። ሽማግሌውም ሞልቷል፣ ዲግሪ ያለውም አለ። የቦዬን አፍ ማን ደፈነው?»

«አባባ...» አለች ቤተልሔም።

«ጎርፉ...» ብሎ ጀመረ።

«ጎርፍ እሾህ አይቆርጥም፣ አለሙ! ያ መስታወት ውስጥ ያለው ወረቀት የማን ስም ነው ያለበት? የጎርፉ ነው?»

ዱላውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለልጅቱ ተናገረ። «ደፈንኩት፣ ልጄ። ማሽላዬ ሊሞትብኝ ነበር። ቀብር መሄዷን አውቃለሁ። በእጄ ደፈንኩት።»

ቃሏ መጣች። እንዲህ ትንሽ መሆኗን አላውቅም ነበር።

አዳራሹ ተንጫጫ። «እልል በሉ!» ያለ አለ። ለመስተንግዶ የተዘጋጀውን ድፎ ዳቦ ቆርሰው አመጡ፤ መምህር ሰለሞን ራሱ ቁራሹን አቀበለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እማማ፣ ይኸው አመነ። ይቅር ይበሉት። ዳቦ ነው፣ ጾም አይፈታም።»

እውነቱን ነው። ሰዓቱም ከዘጠኝ አልፏል። ያን ጊዜ ከጾሜ ኋላ ተደብቄ ነበር፤ ዛሬ መደበቂያም አልፈለግኩም። ወደ አለሙ ሄድኩ፣ እጁን ያዝኩና ዳቦውን መዳፉ ላይ አኖርኩት።

«ያዘው» አልኩት። «ይሁኔ ሲመጣ እቀምሳለሁ። እስከዚያ አንተ ጠብቀው።»

«የሺ፣ በእግዚአብሔር... መሞቻዬ ደርሷል።»

«አውቃለሁ።»

በሩ ጋ ስደርስ ቤተልሔም ወረቀቷን ይዛ ሮጣ ደረሰችብኝ። ፊቷ ቀልቷል። «እማማ፣ እኔ አላውቅም ነበር። አሁን ምን ልጻፍ?»

«አያትሽ የተናገረውን ጻፊ። ከሥሩ “የሺ አልታረቀችም” በይ።»

«ይሄ እኮ ጥናቴን ሁሉ ያፈርሰዋል።»

«የእኔን ማሳ ያፈረሰው አያትሽ ነው። ከእሱ ጋር ተነጋገሪ።»

ግድግዳው ላይ ተደግፋ ጻፈች። አንብቢልኝ አልኳት፣ አነበበች። ድገሚው አልኳት፣ ደገመችው። አውራ ጣቴን ያመጣችው ቀለም ውስጥ ነክሬ አሳረፍኩ፤ እንዳይደበዝዝ ጫን አድርጌ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ወደ አዳራሹ ዞርኩ። በሩ ክፍት ነው። ሰው ዳቦውን ሊቀበለው ሲል አለሙ መዳፉን ጭብጥ እያደረገ ይከለክላል።

«ወደ ሮቢት» አልኩት ሾፌሩን። «ቶሎ በል፣ ማሽላዬን ወፍ እየጨረሰው ነው።»