ይሄ ጠጠር ምን ፈልጎ መጣ?

ሃጂራ ማኪና ሲዘገይ ተገለበጠ፣ ስልክ ሲጮህ ሰው ሞተ የምትል ሴት ናት። ባሏ ጀማሉዲን ዕቃ ሊያደርስ እንፍራንዝ በሄደ ቁጥር በልቧ ቀብራው ትውላለች፤ ማታ በደጁ ሲገባ «ዛሬም ከመቃብር ተነሣሁ» እያለ ይስቅባታል። ልጇ ሪሃና አረብ አገር ልትሄድ ነው በተባለ ጊዜም፣ ሌላው ሰው የሚያየው ደመወዙን ሲሆን ሃጂራ ያየችው ሬሳ ሣጥኑን ነበር። ተናገረች፤ ለመነች። «ደግሞ ጀመራት» ብለው አለፏት። ሪሃና ሄደች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት በስልክ ሳቅ አለፉ። ቀጥሎ ተቀጥራ የምትሠራበት ቤት እመቤት መደወል ከለከለች፤ የሪሃናን ስልክ እየተቀበለች መልእክቱን ሁሉ ትፈትሽ ጀመር። ሪሃና ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«እማ፣ ስሚኝ። ቼዝ ተማሪ።»

«ምን ተማሪ?»

«ቼዝ። ትምህርት ቤት ዋንጫ ያመጣሁበትን። ጨዋታውን ስልክሽ ላይ አስጭኚ። ማዳም መልእክት ነው የምትከፍተው፤ ጨዋታውን የልጅ ነገር ብላ ትተወዋለች። አንድ ጠጠር ካንቀሳቀስኩ ደህና ነኝ ማለት ነው። አንቺም እንደዚያው። በሦስት ቀን ውስጥ ያላንቀሳቀሰ ይሸነፋል።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዴት አድርጌ?»

«እስከ ዐሥረኛ ተምረሽ የለም እንዴ! አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፤ ያንቀሳቀስኩትን ስታዪ፣ ከመንካትሽ በፊት ‹ይሄ ጠጠር ምን ፈልጎ መጣ?› ብለሽ ጠይቂ። ፍላጎቱን ሳታውቂ እንዳትነኪ፣ እሺ እማ?»

እሺ ሳትል መስመሩ ተቋረጠ።

ሃጂራ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሻሽና ሽርጥ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት። የባሏ ታላቅ እህት ዙበይዳ አጠገቧ ቅመም ትሸጣለች። ሃጂራ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንገቷን ስልኩ ላይ ደፍታ መዋል ያዘች። ደንበኛ መጥቶ «ይሄ ሻሽ ስንት ነው?» ሲላት «ፈረሱ ከየት መጣብኝ!» ብላ የምትመልስበት ጊዜ ነበር።

«ወንድሜ ሚስት አግብቶ፣ ሚስቱ ስልክ አገባች» ትላለች ዙበይዳ በርበሬዋን እየሰፈረች። «እስቲ አሳዪኝ። ይሄ ቆብ ያደረገው ማነው?»

«ጳጳስ ነው ይሉታል።»

«ወይ ጉድ! ለጀማሉዲን ልንገረው? ሚስትህ ጳጳስ ይዛ ትዋጋለች ልበለው?»

«ንገሪው እትዬ። ብቻ እንዴት እንደሚሄድ ካወቀ ለእኔም ይንገረኝ።»

መጀመሪያ ወታደሮቹን ብቻ ነበር የምትገፋው፤ ትልልቆቹን ማውጣት ትፈራለች፤ የወጣ ሁሉ የሚሞት ይመስላታል። ይኸው ፍርሃቷ ያስበላት ነበር። ከማታውቃቸው የሩቅ አገር ሰዎች ጋር ስትለማመድ ቡናዋ ሳይበርድ ንጉሧን ይዘውባት ይሄዳሉ። ከሪሃና ጋር ስትጫወት ግን ሽንፈቱ እንኳ ደስ ይላታል። ልጇን ከጠጠሮቹ አካሄድ ታውቃታለች። ሪሃና ፈረሷን ቶሎ ታወጣለች፤ በልጅነቷ የጎረቤት አጥር እንደምትዘል በወታደሮች ላይ ታዘልለዋለች። የተሰጣትን ሳትበላም አታልፍም። አንድ ጊዜ ንግሥቷን የሃጂራ ወታደር ሊበላት የሚችልበት ቤት ላይ አቆመችላት፤ ሃጂራ በደስታ ዘላ በላቻት። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ንጉሧ መውጫ አጣ። ሃጂራ ብቻዋን ሱቅ ውስጥ ሳቀች። «አንቺ ሌባ!» አለች ስልኩን።

እንዲህ እንዲህ እያለች ተማረች። መልሳ ሳታይ መንካት ተወች። ንጉሧን ቀድማ ማስጠለል፣ ፈረስና ጳጳስ ሳይወጡ ንግሥትን አለማስሮጥ፣ ሁለት ጠጠር ባንድ ጊዜ የሚያስፈራራውን ፈረስ ከሩቅ ማየት ለመደች። ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስትገጥም አሁንም ከምታሸንፈው የምትሸነፈው ይበዛል፤ ቢሆንም ለምን እንደተሸነፈች ታውቃለች። የባላጋራዋ ጠጠር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከንፈሯ ብቻውን ይላል፤ «ምን ፈልጎ መጣ?»

ረመዳን ሲገባ ሪሃናን ማሸነፍ ጀመረች።

በመጀመሪያው ጨዋታ ሪሃና ፈረሷን ያለ ጠባቂ ተወችው። ሃጂራ ወጥመድ ነው ብላ አልነካችውም። በማግሥቱም እዚያው ነበር። ፈራ ተባ እያለች በላችው፤ ምንም አልመጣባትም። ቀጥሎ ግንብ የሚባለውን ትልቅ ጠጠር በላች፤ አሁንም ምንም። መጨረሻ ላይ ንጉሡን ያዘችው።

«እትዬ፣ አሸነፍኳት!»

«ማንን? ሪሃናን?» ዙበይዳ እጇን አጨበጨበች። «ልጅ እኮ ነች! እናቴን በጾሟ ላስደስት ብላ ነው። እናቱን እስከ መጨረሻው የሚያሸንፍ ልጅ አሳድገሽ ታውቂያለሽ?»

በእነሱ ቤት ልጅ ከወላጁ ጋር ገበጣ ሲጫወት መጨረሻ ላይ እጁን ያዘገያል። ጀማሉዲን ከአባቱ ጋር ሲጫወት ሁልጊዜ ይሸነፍ ነበር፤ አባትየውም አውቀው እንዳላወቁ ይሆኑ ነበር። ወጉ ይኸው ነው። ሃጂራ ዕድሜዋን ሁሉ ክፉ ክፉውን ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ ያን ጊዜ ብቻ ደጉን አመነች። ሁለተኛውን ጨዋታ አሸነፈች፤ ሦስተኛውንም። የዒድ ዕለት አዲስ ልብሷን ለብሳ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጄ የዒድ ስጦታ ላከችልኝ» እያለች ስልኩን አሳየች። ጀማሉዲን እንኳ «ዘንድሮስ ሳትቀብሪን አለፍን» አላት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ዒድ አልፎ ስጦታው አላቆመም።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ሱቋን ከፍታ ከማታውቀው ሰው ጋር ተጫውታ ተሸነፈች። እንደ ልማዷ ወደ ኋላ እየመለሰች ጨዋታውን አየችው፤ የሰውዬው እያንዳንዱ ጠጠር የፈለገው ነገር ነበረው። ቀጥላ የሪሃናን ከፈተች። የሪሃና ግንብ አንድ ቤት ወደ ቀኝ ሄዷል።

«ምን ፈልጎ መጣ?» አለች።

የሚያስፈራራው የለም። የሚጠብቀው የለም። ባለፈው ያንኑ አንድ ቤት ወደ ግራ ሄዶ ነበር፤ ከዚያ በፊት ወደ ቀኝ። ሃጂራ የቀድሞዎቹን ጨዋታዎች እየመለሰች ማየት ጀመረች። በጥምቀት ሰሞን የተጫወቱት ላይ ሪሃና አለች፤ ስትዘል፣ ስትሰርቅ፣ ስትስቅ ትታያለች። ረመዳን ሲገባ ዓይኗ ሲደክም ይታያል፤ ያየችውን ትረሳለች፤ መብላት የምትችለውን ትታ ትሄዳለች። ከዒድ ወዲህ ደግሞ ሪሃና የለችም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደሚመላለስ ሰው፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ የሚል ግንብ ብቻ አለ። ስጦታ የሚሰጥ ሰው ስጦታውን እያየ ይሰጣል። ይህቺ እጅ አታይም።

ትምህርቷ የገባት አሁን ነው፤ የገባትም ይህንን ሊያሳያት ነው።

ንጉሡን ለመያዝ አንድ እርምጃ ቀርቷት ነበር። አልያዘችውም። በዚያ ፈንታ የራሷን ንግሥት አንሥታ በሪሃና ግንብ ፊት ለፊት ያለ ጠባቂ አቆመቻት። ብይኝ ማለቷ ነው። ዓይንሽን ግለጪና ብይኝ፣ ልጄ።

በማግሥቱ መልስ መጣ። ግንቡ ንግሥቲቱን አልበላትም። አንድ ቤት ወደ ግራ ሄዷል።

ሃጂራ ሱቋን ለዙበይዳ ጥላ ሪሃናን ወደላከው ደላላ፣ ወደ ዐብዱልከሪም ሄደች።

«አያ ዐብዱልከሪም፣ ልጄ ደህና አይደለችም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ንግሥት ሰጥቻት አልበላችም።»

ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ሴት፣ በጨዋታ ነው እንዴ ያወቅሽው? ይህን ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ፤ ወፈፌ ነው የሚሉሽ። ደህና ናት ብለውኛል።»

«አሁን ደውልልኝ። እዚሁ፣ ፊቴ።»

እንድትሄድለት ብሎ ደወለ። ሃጂራ ጆሮዋን አስጠጋች። የሴት ድምፅ ነው። ዐብዱልከሪም በአረብኛ ሰላም ብሎ ስለ ሪሃና ጠየቀ።

«ማፊ ሪሃና» አለ ድምፁ። ሪሃና የለችም። ተዘጋ።

ዐብዱልከሪም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠ። አሁን አልሳቀም። «ገበያ ወጥታ ይሆናል» አለ።

«ስልክ የተከለከለች ልጅ ገበያ ትወጣለች?»

«ለቆንስላው አስነግራለሁ። ወላሂ አስነግራለሁ። ቤትሽ ሂጂ።»

ቤቷ ገብታ ስልኳን ስትከፍት ግንቡ አንድ ቤት ወደ ቀኝ ሄዷል። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ በሕይወት አለች ማለት ነው። የለችም ያሏት ልጅ አለች። ንጉሧን አንድ ቤት ወደ ኋላ ስባ መለሰችላት። የሪሃናን ንጉሥ አትይዝም፤ ጨዋታው ካለቀ ክሩ ይበጠሳል።

የጦርነት ወሬ ሲብላላበት የቆየው ከተማ በዚያው ሳምንት ታመሰ። ሱቆች ተዘጉ፤ ከአዘዞ በኩል ተኩስ ይሰማ ነበር። ነሐሴ ሲገባ የስልኩ ኢንተርኔት ጠፋ። ሰው ሁሉ ስለ ሌላ ነገር ሲጨነቅ ሃጂራ ስልኳን ይዛ ከግቢው አንድ ጥግ ወደ ሌላው ትዞራለች፤ ወደ ሰማይ ታነሣዋለች፤ የማይከፈተውን ቦርድ ትነካካዋለች። ሪሃና መልሳ ይሆን? ሪሃና መልሳ፣ እናቷ ዝም አለች ብላ ይሆን? ይህን ለጀማሉዲን ብትነግረው በዚያ ጊዜ አልሳቀባትም። «እኔም እሱን ነው የማስበው» አለ ብቻ።

መንገዱ ሲከፈት፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል በሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ተለቆለታል ተባለ። ከዙበይዳ ጋር ሄዱ። አዳራሹ ባዶ ነበር። አስተናጋጇ የይለፍ ቃሉን ስትጽፍላት ሃጂራ ጣቷን በጣቷ ይዛ ጠበቀች።

ጨዋታው ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ ቀይና ቢጫ ብጥስጣሽ ወረቀት የመሰለ ነገር ከላይ ወደ ታች ዘነበ።

«ምን ይላል?» አለች ዙበይዳ፤ እንግሊዝኛ አታነብም።

«አሸንፈሻል ይላል።»

«አልሐምዱ...» ብላ ዙበይዳ የሃጂራን ፊት ስታይ ቃሉን ዋጠችው።

«ጊዜዋ አልፎ ነው» አለች ሃጂራ። «ሳታንቀሳቅስ ጊዜዋ አለፈ። ንጉሤን ከሳብኩ ወዲህ አልነካችም።»

ዙበይዳ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ሃጂራ በዝግታ፣ ማንም ሳያግዛት፣ አዲስ ጨዋታ ለሪሃና ላከች። የሚጀምረውን ነጩን ወገን ለልጇ ሰጠች።

ቦርዱ ተዘረጋ። ንጉሡም ንግሥቲቱም፣ ሪሃና የምታዘልለው ፈረስም፣ ወታደሮቹም በየቦታቸው ቆመዋል። አንድም አልሞተም።

ተራው የሪሃና ነው።