ያቆመችው ጸሎት

ወንድሟ ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ጨምድዶ መድረኩ ላይ ሲቆም፣ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አልነበረም፤ ኮቱን ነበር። የኮቱ ትከሻ ከትከሻው ወርዷል፤ እጅጌው መዳፉን ሊውጠው ደርሷል። የሰው ኮት ነው። የትከሻውን ሙሌት አውጥተው፣ ስፌቱን ፈትተው ትንሽ ቢያስገቡት ይስተካከል ነበር ብላ አሰበች። እሷ ይህን ስታስብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

“ጌታ ከቆሻሻ ውስጥ አንስቶኛል!” አለ ወንድሟ፤ ድምፁ ተሰበረ። “የዳንኩት በሥራዬ አይደለም። ምን ሥራ አለኝና! ሰካራም ነበርኩ። ሌባ ነበርኩ። እናቴን ያሳዘንኩ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ግን አዲስ ሰው ነኝ!”

“ሃሌ ሉያ!” አለ ጉባኤው።

እሷም ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ዙሪያዋ ያሉት ሴቶች እንባቸውን ይጠርጋሉ። አንዷ ትከሻዋን አቅፋ ነቀነቀቻት። እሷ ግን ከተነገረው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ጆሮዋ ላይ ቀረች። ያሳዘንኩ።

ወንድሟ ልጅ ሆኖ አፉ ከማፏጨት አያርፍም ነበርና ሰፈሩ ሁሉ ‘ፉጨት’ ይለው ነበር። ከመጠጥ ጋር ሲተዋወቅ ፉጨቱ ጠፋ፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። እህቱ ለዓመታት ጸለየችለት። ስፌት ላይ ተጎንብሳ፣ የመኪናውን መርገጫ እየረገጠች፣ ‘ወንድሜን መልስልኝ’ ትል ነበር። ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከሥራ ስትመለስ ገና ግቢ እንደገባች በመስኮቱ አየች፤ ፉጨት ቴሌቪዥኑን ሊሸጥ ከግድግዳው ነቅሎ ይዟል፤ እናታቸው ደግሞ በሩ ላይ ቆመው “በእኔ ሬሳ ላይ” ይላሉ። ቴሌቪዥኑን ወለሉ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ። ከዚያ እናቱን በሁለት እጁ ገፋቸው። ዳሌያቸው የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ አርፎ ወደቁ። እሱ በጓሮ በር ወጥቶ ጠፋ።

ሐኪም ቤት ሐኪሙ ሲጠይቃቸው፣ እናቲቱ “ምንጣፉ አደናቀፈኝ” አሉ። ልብስ ሰፊዋ አጠገባቸው ቆማ ሰማች፤ ዝም አለች። ዳሌው ሳይድን ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሥር ፈነዳና ቀኝ ጎናቸው ሞተ። የጠየቀ ሁሉ ስለ ምንጣፉ ተነገረው። ጎረቤት ምንጣፉን ረገመ። እሷም አንድ ቀን ጠቅልላ ጣለችው፤ ጥፋተኛ እንደሆነ ሁሉ።

ጸሎቱን ያቆመችው ያኔ ነው። ተናዳ አልነበረም። አንድ ቀን ስትንበረከክ ስሙ አፏ ላይ አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም፤ እሷም አልፈለገችውም። ከስሙ ጋር ብዙ ነገር አብሮ ሄደ። መዝሙር ስትሰማ ደረቷ ውስጥ ይሞቃት የነበረው ነገር ሄደ። ማልቀስም ሄደ። እናቷን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች፤ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። አሁን ያቆመችው ጸሎት መልስ አግኝቶ፣ በሰው ኮት ፊቷ ቆሟል።

ጉባኤው ሲበተን ሰዎች ከበቧት።

“እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! እንባሽ መሬት አልወደቀም!”

“እንኳን አብሮ ደስ ያለን፣” አለች፤ በማታውቀው ሰው ሠርግ ላይ እንደተገኘች።

መጋቢው ግን ከሰው ለይቶ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዳት። ሽማግሌ ነው፤ ጉንፋን ይዞት አፍንጫውን በመሐረብ ያብሳል።

“ፊትሽ ላይ ደስታ አላየሁም፣” አላት።

“ምንም አይሰማኝም፣ መጋቢ። ደስታም የለም፣ ንዴትም የለም። ሰው እጁ ላይ ተኝቶ ሲነሳ እጁ የሰው እጅ ይመስለው የለ? እንደዚያ ነኝ።”

“ንስሐው እውነት አልመሰለሽም?”

“እውነት ይሆናል። እናቴን አሳዘንኩ አለ። ማሳዘንማ እኔም አሳዝኛት አውቃለሁ።”

መጋቢው መሐረቡን አጣጠፈ። “ለእኛም ከዚያ የበለጠ አልነገረንም። የከበደው ነገር እንዳለ ግን አያለሁ። ንስሐ መመለስ ነው፤ የሚመለስ ሰው ደግሞ በሄደበት መንገድ ነው የሚመለሰው። ቤት መምጣት ይፈልጋል። አንቺን ነው የፈራው። ዛሬ ይምጣ?”

“ይምጣ። ቤቱ የእናቱ ነው።”

“ይቅር በይው ብዬ አላስጨንቅሽም፣” አለ መጋቢው። “ይቅርታ እንደ እምነት ነው፤ ስጦታ ነው። ከሌለሽ እንዳለሽ አትሁኚ። ከሰጪው ለምኚ።” ሌላም ሊጨምር አፉን ሲከፍት ማስነጠስ ቀደመው። “ይማርዎ” ብላው ሄደች።

ቤት ስትደርስ ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣችው አስተማሪ፣ እናትየዋ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። እሑድ እሑድ የምትጠብቃቸው እሷ ናት። ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፤ ወሬው ግን ሁልጊዜ ቀድሟት ይመጣል።

“ዳነ አሉ?”

“ዳነ።”

“ከመጠጡ ነው ከሲኦሉ?”

“ከሁለቱም ይላል።”

“እሰይ፣ እሰይ። እስቲ ለእኔ ጉልበትም አንድ ጸሎት አድርጉለት፤ ደረጃ ሊያስወጣኝ አልቻለም።” ሹራቧን ሰብስባ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዘወር ብላ ልብስ ሰፊዋን ትክ ብላ አየቻት። “አንቺስ የኔ ልጅ? ከስተሻል።”

“እኔ ደህና ነኝ።”

“እሱን አልጠየቅኩሽም፣” አለችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ታጥባ እናቷን ወደ ቀኝ ጎናቸው አዞረች። በጉልበታቸው መሃል ትራስ አስገባች። ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከቁርጭምጭሚታቸው በታች የተጠቀለለ ፎጣ አደረገች። ጀርባቸውን መረመረች፤ ቁስል የለም። በዚህ ሰፈርተኛው ሁሉ ያመሰግናታል።

“እማዬ፣ ወንድሜ ሊመጣ ነው።”

እናትየዋ ቃል ሲያወጡ እንደ ከባድ ዕቃ አንድ በአንድ ነው የሚያነሱት። “ተላጭቷል?” አሉ።

“ተላጭቷል።”

“እንግዲያው ጸጉሬን አበጥሪኝ።”

አበጠረቻቸው። እጇ ይሠራል፤ እሷ የት እንዳለች አታውቅም።

በሩ የተንኳኳው ከሰዓት በኋላ ነው። ፉጨት ደጁ ላይ ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ከስቷል። ጸጉሩ ፊት ለፊት ሳስቷል። ሊያቅፋት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ካለ በኋላ ፊቷን አይቶ ተወው።

“እንደምን ነሽ እቴቴ?”

“ግባ። ጫማህን ጥረገው።”

ወደ እናቱ ክፍል ሊያመራ ሲል “ተኝታለች” አለችው፤ አልተኙም ነበር። ወደ ማዕድ ቤት ይዛው ገባች። የምሳ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። እሱ በርጩማ ጫፍ ላይ፣ ሲጠሩት ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጠ።

“ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣” አለ።

“ስለ ምኑ?”

“ስለ ሁሉም።”

“ሁሉም ሰፊ ነው፣” አለች፤ ብርጭቆውን እያሸች። “ሁሉም ለማንም ይሆናል፤ እንደዚህ ኮትህ። በልክህ የሆነውን ንገረኝ።”

ኮቱን ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው። ቧንቧው ይንጠባጠባል። በግድግዳው ማዶ የጎረቤታቸው ሬዲዮ ይሰማል።

“እቴቴ፣ ጌታ ያለፈውን በደሜ አጥቤዋለሁ ብሏል። ወደ ኋላ መመለስ…”

“በመስኮቱ አይቻለሁ፣” አለች።

አልጮኸችም። ‘ውሃው ፈልቷል’ እንደማለት ነበር ያለችው። ፉጨት ከበርጩማው ብድግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

“ያኔ? ግቢ ውስጥ ነበርሽ?”

“ነበርኩ።”

“ለማንም አልተናገርሽም?”

“እሷ ምንጣፉ ነው አለች። እኔ እናቴን ውሸታም ላድርጋት?”

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲናገር ድምፁ የመድረኩ ድምፅ አልነበረም፤ ጎርነን ያለና የደከመ፣ የቤታቸው ድምፅ ነበር።

“የገፋኋት እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑን ቀስ ብዬ አስቀምጬ፣ እሷን ገፋኋት። እንዳይሰበር የሰጋሁት ለዕቃው ነው።” ትንፋሹን ሳበ። “ስትወድቅ ድምፁን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው የሄድኩት። ጌታ ይቅር ካለኝ ለሰው መናገር ምን ያደርጋል እል ነበር። አይ፣ እሱም ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። አፍ አውጥቼ ካልተናገርኩት የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር።”

ልብስ ሰፊዋ ጠበቀች። ይህችን ሰዓት ስንቴ አስባት ነበር። እየጮኸች የምትመታው፣ ወይ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ የምታለቅስ መስሏት ነበር። አሁን ግን የሳሙናው አረፋ በብርጭቆው ጎን ወደ ታች ሲንሸራተት ነው የምታየው። ውስጧን ብትፈልግ ምንም የለም። ቃሉ ግን እውነት እንደሆነ አወቀች። ከስፌት ውስጥ የተሰበረ መርፌ እንደማግኘት ነው፤ ደስ አይልም፤ ግን ተገኘ።

“ለእሷ ንገራት፣” አለች።

እናትየዋ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ይጠብቁ ነበር። ፉጨት አልጋው ሥር ተንበረከከ። የሞተውን እጃቸውን ያዘ፤ የሞተ መሆኑን አላወቀም።

“እማዬ፣ የገፋሁሽ እኔ ነኝ። ምንጣፉ አልነበረም።”

“አውቃለሁ እኮ፣” አሉ እናትየዋ። “የወደቅኩት እኔ አይደለሁ?”

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ። ግንባሩን ፍራሹ ላይ ደፋ። እናትየዋ ደህናውን እጃቸውን በሰውነታቸው ላይ አሻግረው፣ ብዙ ለፍተው፣ ራሱ ላይ አሳረፉት።

“እኔስ ገና ወለሉ ላይ ሳለሁ ነው ይቅር ያልኩህ። ተኝቼ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?” አረፉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ዓይናቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ልጃቸው መለሱ። “እኔ ተኝቻለሁ። የቆመችው እሷ ናት። እሷን ጠይቅ።”

ፉጨት እንደተንበረከከ ዞረ። ፊቱ በእንባና በንፍጥ ተበላሽቷል። “እቴቴ…”

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ተደግፋ አየችው። ‘ይቅር ብዬሃለሁ’ ብትል ሁሉም ያልፍ ነበር፤ መጋቢውም፣ ጉባኤውም፣ እናቷም ደስ ይላቸው ነበር። ቃሉን ምላሷ ላይ አድርጋ መዘነችው። ባዶ ነበር።

“አሁን የለኝም፣” አለች። “የሌለኝን አልሰጥህም። ሲሰጠኝ እነግርሃለሁ።”

ራሱን ነቀነቀ። “እጠብቃለሁ።”

“በባዶ እጅህ አትጠብቅም። ተነስ፤ እማዬ የምትገላበጥበት ሰዓት ደርሷል። እጅህን ታጠብና ና።”

ታጥቦ መጣ። አንድ እጁን ከእናቱ ትከሻ፣ ሌላኛውን ከዳሌያቸው ኋላ አስቀመጠችለት።

“ክንዷን እንዳትጎትት። አትግፋት። ወደ ራስህ ሳባት፣ ቀስ ብለህ።”

ሳባቸው። እናትየዋ አቃሰቱ። ደንግጦ ሊለቅ ሲል “አትልቀቃት!” አለችው፤ ከጠዋት ጀምሮ ድምፅዋ ከፍ ያለው ያኔ ብቻ ነው። አልለቀቀም። ትራሱን የት እንደሚያስገባ፣ ፎጣውን እንዴት እንደሚጠቀልል አሳየችው። ሁለተኛ ብቻውን እንዲሞክር አደረገችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከመንጠልጠያው አወረደች።

“የት ነው?” አለ ፉጨት።

“ውጭ።”

“እኔስ? ብቻዬን?”

“ጎረቤታችን ግድግዳው ማዶ ናት። ከጨነቀህ አንኳኳ።”

“እቴቴ፣ አምነሽኝ ነው?”

እናቷን አየች። እናትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ደህናው እጃቸው የልጃቸውን ጣት ይዟል።

“ውሃ ስትሰጣት በማንኪያ ነው፣” አለችና ወጣች።

መንገዱ ዳር እስክትደርስ ድረስ ጆሮዋ ከኋላዋ ነበር። አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ አለ፤ ሰው ይተላለፋል፤ ሁለት ልጃገረዶች በአንድ ማዳመጫ ዘፈን እየሰሙ ይስቃሉ። ትራሱን በእማዬ ጉልበት መሃል አስገብቶት ይሆን? ውሃው ትን ቢላትስ? ልትጸልይ ሞከረች። “ጌታ ሆይ” አለች፤ የሚቀጥል ነገር አልመጣላትም። እዚያው ላይ ተወችው። ሰላም አልወረደባትም፤ እንባም አልመጣም። ደረቷ ውስጥ የቆየው ዝምታ እንዳለ ነው።

አንድ አውቶቡስ ቆመ። በእጇ ‘እለፍ’ አለችው። ወደ ቤት ልትመለስ ብድግ አለች፤ እግሯም ዞሮ ነበር። ይህን ጊዜ ሌላ አውቶቡስ መጥቶ በሩን አጠገቧ ከፈተ።

“ትገቢያለሽ እህት?” አላት ሾፌሩ። “እየሄድኩ ነው።”

ወደ ቤቱ አቅጣጫ አየች። ከዚያ ‘እሱ አለ’ ብላ መወጣጫውን ረገጠች።

“እገባለሁ።”

“የት ነሽ?”

“እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣” አለች፤ ገብታም ተቀመጠች።