ጄኔራሉ ሳያየው የፈረመለት ድልድይ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ አረፍ በሉ። ስለ አንድ የፈራ ጄኔራል ላጫውታችሁ። ጄኔራል ይፈራል ወይ እንዳትሉኝ፤ ሰው ነዋ!

ይህ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ የመንገድ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ተጠባባቂ ጦር ያሠለጥናል። በሃያ ዓመቱ ተራ ወታደር ሆኖ ገባ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜን ሳያዛንፍ ጄኔራልነት ደረሰ። መደበኛዎቹ መኮንኖች “የቅዳሜው ጄኔራል” እያሉ ያሽሟጥጡታል። ወታደሮቹም እንደሱው ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪ፣ መምህር፣ ግንበኛ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የምር ጥሪ መጣ። አራት መቶ ሰው በከባድ መኪና ተጭኖ ድንበር ይድረስ ተባለ። ጄኔራሉ ካርታውን የመኪና ኮፈን ላይ ዘረጋ። ጣቱ መንገዱን ተከትሎ ወንዙ ጋ ሲደርስ ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

ወንዙ ላይ ያለውን ድልድይ የመረመረው እሱ ነበር፤ መረመረ ከተባለ። የዚያን ዕለት ዝናብ ነው፣ ቁልቁለቱ ያዳልጣል፣ ለነገው የቅዳሜ ልምምድም ቸኩሏል። ከላይ ቆሞ አየና “ምሰሶዎቹ ደህና ናቸው” ብሎ ፈረመ። ወደ ሥሩ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ሁለት ክረምት ሞልቷል። መሠረቱን ቦርቡሮት ቢሆንስ?

የፊተኛውን መኪና የሚነዳው ወታደር፣ በሰፈር የጄኔራሉ ጸጉር አስተካካይ ነው። “ጌታዬ፣ ምነው ፊትዎ አመድ መሰለ? እኔ ምላጭ ይዤብዎት እንኳ እንዲህ ፈርተው አያውቁም!” ብሎ ሳቀ።

“ሞተርህን አሙቅ” አለው።

ቢናገር ማዕረጉም እንጀራውም ገደል መግባቱ ነው። ዝም ቢልስ፣ ምናልባት ድልድዩ ይችላቸው ይሆናል። ይቺን “ምናልባት” ሲያላምጣት መኪኖቹ ተነሡ፣ ሲያላምጣት ወንዙ ታየ። ያን ጊዜ “ቁም!” ብሎ ጮኸ። ሬዲዮውን አንሥቶም መንገድ እንዲቀየርለት ጠየቀ።

የበላይ አዛዡ ደነፋ። “ድልድዩ ደህና ነው የሚል ወረቀት እጄ ላይ ነው! የማን ፊርማ ነው ታዲያ ይሄ?”

“የእኔ ነው ጌታዬ። ሳላይ ነው የፈረምኩት።”

“አንተ ሰውዬ፣ የምትለው ነገር ገብቶሃል?”

“ገብቶኛል። ድምፄ የሚንቀጠቀጠውም ለዚሁ ነው።”

በዙሪያ መንገድ ሄዱ፤ ስድስት ሰዓት ዘገዩ። እሱ በሳምንቱ ከሁለቱም ሥራ ተሰናበተ። ድልድዩ ሲመረመር፣ ልጆቼ፣ አንድም ነገር አልሆነም። ደህና ነበር!

እስከ ዛሬ የሚስቁበት አሉ። ጸጉር አስተካካዩ ግን ስሙ ሲነሣ መቀሱን ያስቀምጥና፣ “እሱ ያን ጊዜ ድልድዩ ደህና መሆኑን አላወቀማ” ይላል።

እናንተም ሲስቁበት ከሰማችሁ፣ እየፈራ መናገሩን አስታውሱልኝ።