ከልጣፉ ሥር

ዝናቡ ሲጀምር የከተማው ቤተ መጻሕፍት የካርታ ክፍል ኃላፊ የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች እያሰረች ነበር። ካርታዎቹ በሙሉ ስካን ተደርገው ኮምፒዩተር ውስጥ ገብተዋል፤ ወረቀቱን ደግሞ ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ሊወስደው ነው። መሳቢያዎቹ ይወጡና ተማሪዎች ላፕቶፕ የሚዘረጉባቸው ጠረጴዛዎች ይገባሉ። መቼስ ዘመን አይገፋ! እሷም ብትሆን ቶሎ ልገላገል ብላ ስትጣደፍ ነው የከረመችው።

ስልኳ ጠራ። የታናሽ ወንድሟ አለቃ ነው። ወንድሟ የጎርፍ መውረጃ ጠራጊ ነው፤ ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ከእሱ ሌላ የላትም። በልጅነታቸው የትምህርት ቤት ካርታዋን ቀዶባት ክረምቱን ሙሉ አኩርፋዋለች፤ ካርታ ከነኩባት እንዲህ ናት። ያ ልጅ ዛሬ ጠዋት የተደፈነ መውረጃ ሊከፍት አሮጌው ሰፈር ከመሬት በታች ገባ፤ ዝናቡ ድንገት ወረደና የገባበት በር በውሃ ተሞላ። በሬዲዮ መጨረሻ ላይ የተሰማው፣ በስተግራ ደረቅ ቅርንጫፍ አግኝቶ እንደገባ፣ ውሃው ግን እየተከተለው መሆኑ ነው። የኮምፒዩተሩ ካርታ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ቅርንጫፍ የሚባል ነገር አያሳይም።

“መውጫ ካለው ንገሪን፤ የት እንደምንቆፍር አናውቅም” አላት አለቃው።

ክው አለች። ቅርንጫፉን ታውቀዋለች፤ የሸፈነችውም ራሷ ናት። ድሮ አንድ ነገር ሲለወጥ ካርታው እንደ አዲስ አይታተምም ነበር፤ የተለወጠችው ቁራጭ ብቻ ታትማ ባሮጌው ላይ ትለጠፋለች። ያ ቅርንጫፍ ሥራ ሲያቆም፣ ገና ጀማሪ ሳለች፣ ልጣፉን በገዛ እጇ ሙጫ ቀብታ ለጥፋዋለች። ዘንድሮ ደግሞ የስካን ባለሙያው ልጣፎቹን በእንፋሎት እያነሳን ከሥር ያለውንም እናስገባ ወይ ብሎ ቢጠይቃት፣ የሞተ ቱቦ ማን ይፈልጋል፣ ላይ ላዩን ጨርሰው አለችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሏል ይሄ ነው።

ስልኩን ሳትዘጋ ካርቶኖቹን መበርገድ ያዘች። እዚያው ክፍል የነበረው የስካን ባለሙያም ነገሩ ሲገባው ሥራውን ጥሎ ያግዛት ጀመር። ያሰረችው ሁሉ ተፈታ፣ ወለሉ ወረቀት በወረቀት ሆነ፣ የሚፈልጉት ግን የለም። በመጨረሻ መኪናውን ሲጠብቅ በር ላይ ከቆመው ካርቶን ውስጥ አገኙት። ባለሙያው ማንቆርቆሪያውን ልጣድ አለ። ሙጫው እስኪለቅ ግን ልጁ ያልቅለታል። በእርጥብ እጅ ካርታ የነካ ሰው ላይ ቤቱን በአንድ እግሩ የምታቆም ሴት፣ ቢላዋውን ልጣፉ ሥር ሰደደችና ቦጨቀችው።

የሥረኛው ወረቀት አብሮ ተላጠ፤ መስመሩም ከነቀለሙ ልጣፉ ጀርባ ላይ ተጣብቆ መጣ። ትልቁን አራት ማዕዘን አወቀችው፤ የአሮጌው ሰፈር ዳቦ ቤት ነው። ቅርንጫፉ ከአጠገቡ አንዲት ትንሽ ክብ ላይ ያልቃል፣ የማንሆል ምልክት ናት።

“ከዳቦ ቤቱ በስተምሥራቅ፣ አጥሩ ሥር” አለች በስልኩ። የመቆፈሪያ ማሽኑ ሲነሳ ይሰማታል።

ደግማ ብታየው ፊደሎቹ ፊታቸውን አዙረዋል። ቀለሙ ልጣፉ ላይ የተጋባው እንደ ማኅተም ተገልብጦ ነው፤ ምሥራቅ ያለችው ምዕራብ ነው!

“አቁሙ! በስተምዕራብ ነው፤ ተገልብጦብኝ ነው። ምዕራብ!”

አለቃው እርግጠኛ ነሽ ወይ አላት። የተላጠውን ልጣፍ መልሳ ቦታው ላይ ብትገጥመው የመስመሩ ጫፍ ከተረፈው መስመር ጋር ልክ ገባ። እርግጠኛ ነኝ አለችው። ስትወጣ መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ሹፌሩ የቱን ልጫን ቢላት፣ አንዲት ወረቀት እንዳትነካ ብላው በዝናቡ ሮጠች።

ስትደርስ አስፋልቱን ሰብረው የዛገ ክዳን አግኝተዋል። ክዳኑ ሲነሳ የተሰማው የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። እኔው ቀበርኩት አለች በልቧ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ በቤት ስሙ ጠራችው።

“ሚጢጢ!”

ቆይቶ፣ ከሥር ሳል ተሰማ።

ገመድ ጥለው ሲያወጡት እስከ አንገቱ ጭቃ ነው። ብርድ ልብስ አለበሱትና እግረኛ መንገዱ ላይ አስቀመጡት። አለቃው መውጫው እንዴት እንደተገኘ አጫወተው። እሷ እጁን ይዛለች።

“ካርታ ቀደድሽ አሉኝ” አላት ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

“ቀደድኩ።”

“እኔ አንዷን ብቀድብሽ ክረምቱን ሙሉ ነው ያኮረፍሽኝ።”

ከነጭቃው አቅፋው አለቀሰች።