የወይዘሮ ሃቢባ ሱቅ ወርቃማ ሰሌዳ

ሆሳዕና ላይ ያማረ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከታየ «ይሄማ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው» ይባላል። ዳሩ የተቃጠለ፣ ቀለሙ የተላጠ ከሆነ ደግሞ «እዚሁ የተሠራ ነው»። ሐዳሳን እንደዚህ ወሬ የሚያበግናት ነገር የለም። ከባሏ ከዕንባቆም ጋር የሰሌዳ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ሃቢባ ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ለሚከፍቱት የልብስ ሱቅ ሰሌዳ አዲስ አበባ ሊያዝዙ ስልካቸውን ሲያነሱ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«እትዬ፣ በሞቴ ለእኔ ይስጡኝ! ካላማረ በገዛ እጄ ነቅዬ እወስደዋለሁ።»

ሳቁና ሰጧት። ለያሆዴ የትም የሄደ የሀዲያ ልጅ አገሩ ይገባል። ሰሌዳው ካማረ ወሬው ከሆመቾ እስከ ሞርሲቶ ይደርሳል፤ ካላማረም እንደዚያው።

ሥራው በአሉኮቦንድ ነው፤ ሁለት ስስ አሉሚኒየም መሃሉ ፕላስቲክ ገብቶበት የተጣበቀ፣ ፊቱ ወርቃማ። በእጇ ያለው አንድ ሙሉ ሉህ ብቻ ነው። የጭነት ሹፌሮች ለበዓሉ ወደየቤታቸው ስለገቡ ሌላ አይመጣም። ዕንባቆም ግራይንደሩን ሲያነሳ ጮኸችበት።

«አስቀምጥልኝ! ባለፈው ፕላስቲኩን አቅልጠህ አይጥ የበላው አስመሰልከው!»

ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛችው። በስኳድራ ለካች፣ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ በሞርሳ አጠበቀችበት፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነውን ክብ መጋዝ ዘንጉን አስደግፋ ቀስ ብላ ነዳችው። ሦስት ቁራጭ አወጣች። አንዱን አግድም የቆረጠችው የሚተርፈው ለሌላ ሥራ እንዲሆናት ብላ ነው። ዳሩን በጣቷ ብትዳብሰው አንድ ቦታ እንኳ አይቧጭርም። «አየህ? እንዲህ ነው የሚቆረጠው!» አለችው ባሏን፣ እየተጀነነች።

ያሆዴ ሁለት ቀን ሲቀረው ሦስቱን ጎን ለጎን ሰቀሏቸውና ፊታቸው ላይ የተለጠፈውን መከላከያ ላስቲክ ላጡት። ፀሐይዋ ወጣች። ወይ ጉድ! ዳርና ዳር ያሉት ወርቅ ሆነው ሲያበሩ መሃለኛው ያደረ ሻይ መሰለ።

ሐዳሳ የላጠችውን ላስቲክ ከመሬት አነሳች። ትናንሽ ቀስቶች ታትመውበታል። ብርድ ልብሱ ላይ ስታስተኛው አይታቸው ነበር፤ የፋብሪካ ጌጥ ነው ብላ ነው ያለፈቻቸው። ቀስቱ የሚያሳየው የፊቱን ጭረት አቅጣጫ ኖሯል፤ አግድም የዞረው ቁራጭ ብርሃኑን የሚመልሰው በሌላ በኩል ነው።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለ ዕንባቆም። ፊቷን ሲያይ ግን ወዲያው ጸጸተው።

«ተዪው የኔ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ሃቢባ። «ወላሂ፣ ሰው የሚያየው ልብሱን ነው።»

ሐዳሳ አፈረች። እሺ ብላ ብትተወው የሚከለክላት አልነበረም፤ ደክሟታልም። «አይሆንም እትዬ፣ እስከ ነገ ይታገሱኝ» አለች።

ትርፉን ለካችው፤ በአንድ ጎኑ ስንዝር ያጥራል። መሰላሉን ተሸክማ ወጣችና የራሷን ሱቅ ሰሌዳ ብሎን መፍታት ጀመረች። ከሦስት ወር በፊት ከዚያው ዓይነት ወርቃማ የሠራችው ነው።

«አንቺ፣ አብደሻል እንዴ?» አለ ዕንባቆም። «ያሆዴ ደረሰ! ሰው ሁሉ ሲመጣ አንቺ ስምሽን ታወርጃለሽ?»

«አንተ ከታች ያዝ እንጂ!»

ፊደላቱን አንድ በአንድ ነቀለች፣ ማስቲሹን በቤንዚን አጠበች። የሰሌዳዋ ላስቲክ ድሮ ስለተላጠ ቀስት የሚባል የለውም። ስለዚህ ትርፉን ከነቀስቱ ፀሐይ ላይ አውጥታ፣ ላስቲኩን ከጥጉ ገለጥ አድርጋ፣ ብልጭታቸው አንድ እስኪሆን ድረስ ጎን ለጎን አዟዟረቻቸው። ከዚያ በሰሌዳዋ ጀርባ ትልቅ ቀስት ሣለች። ፊቱ እንዳይጫር ወረቀት ለጠፈችና ሦስት ጊዜ ለክታ አንዴ ቆረጠች። በማግስቱ ጠዋት በመሃለኛው ቦታ ሰቀለችው። ወይዘሮ ሃቢባ «ማሻአላህ» ብለው ሱቃቸውን ከፈቱ።

ከበዓሉ በኋላ ሱቁ ሀቢቾ ያለ ረሻድ የሚባል ነጋዴ የሐዳሳን ሱቅ አፈላልጎ መጣ። በሩ ላይ ባዶ የብረት ፍሬም ነው የተሰቀለው።

«ሰሌዳ ሠሪ ሆነሽ ሰሌዳ የለሽም?»

«ነበረኝ። አሁን እዚያ ማዶ ወይዘሮ ሃቢባ ሱቅ ላይ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ እሱ ነው።»

ረሻድ ነገሩ ገርሞት መንገዱን ተሻገረ። አንጋጦ ቆመ። ወደ ግራ ሄዶ አየ፣ ወደ ቀኝ ሄዶ አየ፣ ፀሐይዋን በእጁ ከልሎ አየ። ሐዳሳ ሜትሯን ጨብጣ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ተመልሶ መጣ።

«የትኛው ነው?» አላት። «እኔ አልለየሁትም።»